ወለተ ጴጥሮስ፤ በግፍ ዘመን ያደገች ሴት

ከቡሬ ተነሥቶ ወደ ፍኖተ ሰላም የሚሄድ መንገደኛ ግራና ቀኙን ቢመለከት ለም መሬት፥ የጤፍና የዳጉሳ እርሻ፥ የከብትና የፈረስ መስክ ያያል። ፍኖተ ሰላም ቀድሞ ወጀት ይባል ነበር፤ የአሁኑ ስሙ ግን የሰላም መንገድ ማለት ነው። ከዚያም ወደ ሰሜን ሽቅብ ሲወጡ ሰከላ ይገኛል፤ በሰከላም የግሽ ዓባይ ምንጭ አለች። ከእርሷ የሚወጣው ውሃ ግልገል ዓባይ ተብሎ ቆላውንና ደጋውን እያቋረጠ ወደ ጣና ባሕር ይገባል። አገሩ እንዲህ ያማረ ሲሆን፥ በዚህ መንገድ ላይ ሰላም ያልነበረበት ዘመን ብዙ ነው።

የዛሬ 400 ዓመት ገደማ በዚህ አገር፥ በዳሞት፥ ታላቅ ሁከት ሆነ። ዐፄ ሱስንዮስ ሕዝቡ የቀዳሚት ሰንበትን ማክበር ትቶ በዚያ ቀን እንዲያርስና እንዲሠራ ዐዋጅ አስነገረ። የዳሞት ገበሬም የሚያርስበትን ቀን ከአባቶቹ ተምሮ የሚያውቅ ስለ ነበረ ዐዋጁን ሰምቶ አልታዘዘም። በ1613 ዓ.ም. ገደማ መነኮሳቱ ከገዳማቸው ወጥተው፥ ገበሬውም ሞፈሩን ጥሎ፥ በአንድነት ተነሡ። የጎጃም ገዥ የነበረው የንጉሡ ወንድም ራስ ሥዕለ ክርስቶስ ጦሩን ይዞ ገጠማቸውና ድል አደረጋቸው። ብዙ መነኮሳትና ብዙ ገበሬዎች በዚያ ወደቁ። ጦርነቱ በአንድ ቀን አለቀ፤ ዐዋጁ በሰው ልብ ውስጥ ያስነሣው ጦርነት ግን አላለቀም።

በዚያ ዘመን ከንጉሡ ጋራ የተጣሉ ብዙዎች ነበሩ። አንዳንዱ በጦር፥ አንዳንዱ በሸፍጥ፥ አንዳንዱም በዝምታ ታገለ። ከሁሉ ይልቅ ስሟ ጸንቶ የቀረው ግን ጦር ያልያዘች፥ ሠራዊት ያልነበራት፥ በዕድሜዋም ገና ወጣት የነበረች አንዲት ሴት ናት። እርሷም ወለተ ጴጥሮስ ናት።

ወለተ ጴጥሮስ በ1584 ዓ.ም. ገደማ ተወለደች። አባቷ ባሕር ሰገድ፥ እናቷም ክርስቶስ ዕበያ ይባሉ ነበር፤ ወገኖቿም ከደዋሮና ከፈጠጋር የሚቈጠሩ መኳንንት ነበሩ። ወንድሞች ነበሯት። የመኳንንት ልጅ ስለ ሆነችም መዝሙረ ዳዊትን አነበበች፥ መጻሕፍትንም ተማረች። በዚያ ዘመን ለሴት ልጅ ይህን ያህል መማር ተራ ነገር አልነበረም።

ነገር ግን ከፊደል ይልቅ ያስተማራት የተወለደችበት ዘመን ነበረ። ዐፄ ሠርፀ ድንግል በ1589 ዓ.ም. ሲሞት እርሷ የ5 ዓመት ያህል ልጅ ነበረች። ከእርሱ በኋላ ያዕቆብ የሚባለው ሕፃን በዙፋን ተቀመጠ፥ መንግሥቱንም ሌሎች ያዙለት። ጥቂት ዓመት ቆይቶ ያዕቆብ ተሻረና ዘድንግል ነገሠ። ዘድንግልም ብዙ ሳይቆይ የገዛ መኳንንቱ ተነሥተውበት በጦርነት ተገደለ። ያዕቆብ ተመልሶ መጣ። በመጨረሻም በ1599 ዓ.ም. ሱስንዮስ ጎጃም ውስጥ ጎል በተባለ ስፍራ ያዕቆብን ድል አድርጎ ገደለው። ጳጳሱ አቡነ ጴጥሮስም በዚያው ቀን ከንጉሡ ጋራ በጦር ሜዳ ሞተ።

እንግዲህ ወለተ ጴጥሮስ 15 ዓመት ገደማ ሲሆናት ዙፋን አራት ጊዜ ሲገለባበጥ አይታለች፤ ሁለት ነገሥታትና አንድ ጳጳስ መገደላቸውንም ሰምታለች። ዛሬ የሚነግሠው ነገ እንደሚወድቅ፥ ዛሬ ለንጉሥ የሚሰግደው መኰንን ነገ በንጉሡ ላይ ጦር እንደሚመዝ ተመለከተች። በአገራችን ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ የሚል የቆየ ተረት አለ። ሌሎች ሕፃናት ይህን ተረት ሰምተው ሲያድጉ እርሷ ግን ነገሥታት እንደ ማንኛውም ሰው ሲወድቁ እያየች አደገች። የሚያልፍን ኃይል እንደማያልፍ አድርጎ መፍራት ከልቧ የጠፋው ምናልባት በዚህ ምክንያት ነው።

ዕድሜዋ ለጋብቻ ሲደርስ ለመልክአ ክርስቶስ ተዳረች። እርሱም ከዐፄ ሱስንዮስ ታላላቅ አማካሪዎች አንዱ፥ ብዙ ጭፍራና ብዙ ርስት ያለው ሰው ነበረ። ሦስት ልጆች ወለደች፤ ሦስቱም በሕፃንነታቸው ሞቱባት። ቤቷ በሀብት የተሞላ ሲሆን ልቧ ግን ባዶ ሆነ። ወርቁና ሐሩ ልጆቿን እንዳላዳነላት ባየች ጊዜም ለዚህ ዓለም ጌጥ ያላት ፍቅር ቀዘቀዘ፤ ጾምንና ጸሎትን አበዛች፥ ለድኆችም መስጠትን ወደደች።

በዚህ ጊዜ በቤተ መንግሥቱ አዲስ ነገር ተጀምሮ ነበር። በ1595 ዓ.ም. ጴጥሮስ ፓኤዝ የሚባል የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን ከአውሮፓ ወደ ኢትዮጵያ ገብቶ ነበር። ይህ ሰው ጥበበኛ ነበረ፤ ግእዝንና አማርኛን ተማረ፥ ሕፃናትን አስተማረ፥ ቤት መሥራትንም ያውቅ ነበር። በ1610 ዓ.ም. ከንጉሡ ጋራ ወደ ሰከላ ሄዶ የግሽ ዓባይን ምንጭ አይቶ ጻፈ። ጠባዩ የለዘበ ስለ ነበረ ብዙዎች ወደዱት። ሱስንዮስም ቃሉን ሰማ፤ ከፖርቱጋል ንጉሥ ወታደርና ጠመንጃ ይመጣልኛል፥ በዚያም ዙፋኔ ይጸናልኛል የሚል ተስፋ ደግሞ ነበረው። ወንድሙ ሥዕለ ክርስቶስ ቀድሞ ወደ ሮማ ሃይማኖት ገባ፤ በጎጃምም በቆለላ ለኢየሱሳውያን ማረፊያ ተሠራ።

ሰው ሌላውን ሰው በትምህርትና በመልካም ምግባር ወደ ሃይማኖቱ ቢጠራ በደል የለበትም፤ የሚሰማው ይሰማል፥ የማይሰማውም ይተዋል። በደሉ የጀመረው ንጉሡ የልቡን እምነት በዐዋጅና በጦር በሕዝቡ ላይ ለመጫን በተነሣ ጊዜ ነው። በ1609 ዓ.ም. የንጉሡ አማች ዮልዮስ ሸፈተ፤ ጳጳሱ አቡነ ስምዖንም ንጉሡን የሚከተሉትን አውግዞ ከዮልዮስ ጋራ ሆነ። ሰዳ በሚባል ስፍራ ጦርነት ተደረገና ዮልዮስ ሞተ፤ ጳጳሱም ተገደለ። ጎል ላይ አቡነ ጴጥሮስ ከሞተ ገና 10 ዓመት መሆኑ ነበር።

ወለተ ጴጥሮስ በዚህ ዘመን ከባሏ ቤት ለመውጣትና ለመመንኰስ አስባ ነበር። ከጣና ገዳማት መነኮሳት ጋራ በምሥጢር ተላልካ አንድ ቀን ቤቷን ትታ ሄደች፤ ሮቢት በሚባል አገርም ተሸሸገች። መልክአ ክርስቶስ ይህን በሰማ ጊዜ ተቈጣ፤ ጭፍሮቹም በአገሩ ሰዎች ላይ ወረዱና ከብታቸውንና እህላቸውን ዘረፉ። ድኆች በማያውቁት ነገር ተበደሉ። በዚህ ጊዜ ወለተ ጴጥሮስ በሁለት መንገድ መካከል ቆመች። ወደ ፊት ብትሄድ የፈለገችውን ታገኛለች፤ ስለ እርሷ ግን የሌላ ሰው ልጅ ይራባል። ወደ ኋላ ብትመለስ ያ ሕዝብ ከመከራ ይድናል፤ እርሷ ግን ወደማትወደው ቤት ትገባለች። ተመለሰች። ብዙ ዐመፀኞች ለዓላማቸው ሲሉ የሌላውን ቤት ያቃጥላሉ፤ እርሷ ግን ድሆቹን ለማዳን የገዛ ነጻነቷን ከፈለች። ስለዚህም ከሥራዋ ሁሉ ይህ መመለስ ከታናሾቹ አይቈጠርም።

ወደ ቤቷ ከተመለሰች በኋላ ሌላ ነገር ሰማች። ባሏ ጳጳሱ በተገደለበት ዘመቻ እንደ ነበረና የጳጳሱም ልብስ በእርሱ ዘንድ እንደሚገኝ ዐወቀች። የሟቹን ልብስ እያስቀመጠ ከሚኖር ሰው ጋራ በአንድ ማዕድ መቀመጥ አልቻለችም። መብሉን ተወች፥ ጌጧን ጣለች፥ ጠጕሯን አልተቀባችም፥ ከአልጋውም ራቀች። መልክአ ክርስቶስ ለመናት፥ አስፈራራትም፤ ነገር ግን በልመናም በማስፈራራትም አልተመለሰችም። በመጨረሻ ታከተውና ወደ ዘመዶቿ ቤት እንድትሄድ ፈቀደላት። እርሷም ከዚያ ቤት በእግሯ ወጥታ ወደ ዘጌ ሄደች፤ በ25 ዓመቷም ገደማ የምንኵስናን ልብስ ለበሰች።

ዘጌ በጣና ዳርቻ በደን የተሸፈነ የጎጃም ምድር ነው። በዚያ የደረሰችው ሴት በቅሎ እየተጫነላት፥ ገረድ ውሃ እያስታጠበቻት ያደገች ወይዘሮ ነበረች። አሁን ግን በእጇ ፈጨች፥ እንስራ አዝላ ከባሕሩ ውሃ ቀዳች፥ እንጨትም ለቀመች። እጇ እስኪቈስል ድረስ ሠራች ይባላል። በዚህም ጊዜ እኅተ ክርስቶስ ከምትባል ሌላ መነኵሲት ጋራ ተገናኘች። እርሷም እንደ ወለተ ጴጥሮስ ባሏን ትታ የወጣች ነበረች። እነዚህ ሁለት ሴቶች ከተገናኙባት ቀን ጀምሮ እስከ ሞት ድረስ በመከራም በደስታም አልተለያዩም።

በ1614 ዓ.ም. ጴጥሮስ ፓኤዝ ሞተ። በዚያው ዓመት ሱስንዮስ የሮማን ሃይማኖት መቀበሉን በግልጥ አስታወቀ። በ1617 ዓ.ም. አልፎንሱስ ሜንዴስ የሚባል ፓትርያርክ ከፖርቱጋል መጣ፤ በ1618 ዓ.ም.ም ንጉሡና መኳንንቱ በፊቱ ተንበርክከው ለሮማው ሊቀ ጳጳስ ለመታዘዝ ማሉ። ሜንዴስ እንደ ፓኤዝ ታጋሽ አልነበረም። ሕዝቡ እንደገና እንዲጠመቅ፥ ካህናቱ እንደገና እንዲሾሙ፥ በዓላትና አጽዋማት እንዲለወጡ፥ ግዝረትም እንዲቀር ታዘዘ። ያልታዘዘ ተቀጣ። ፓኤዝ በ19 ዓመት ትዕግሥት የሠራውን ሜንዴስ በ7 ዓመት ጥድፊያ አፈረሰው።

ትእዛዙ ወደ ገዳማት በደረሰ ጊዜ ብዙ መነኮሳት ተበተኑ። ወለተ ጴጥሮስም ከዘጌ ወጥታ ወደ ዋልድባና ወደ ጸለምት ሄደች። ነገር ግን ለመሸሸግ ብቻ አልሄደችም። በየደረሰችበት ሕዝቡ የአባቶቹን ሃይማኖት እንዳይተው አስተማረች፤ ካህናቱም በቅዳሴ ጊዜ የንጉሡን ስም እንዳይጠሩ መከረች። ይህ ከጦርነት ይልቅ የሚያስፈራ ነገር ነበረ። የንጉሥ ስም በቅዳሴ ካልተጠራ ንጉሡ በሕዝቡ ፊት ንጉሥነቱን ማጣት ይጀምራልና። የዳሞትን ገበሬ በጦር ድል ያደረገው መንግሥት በቅዳሴ መካከል የሚሆነውን ዝምታ በምን ጦር ድል ያደርጋል?

ስለዚህ ንጉሡ አስጠራት። መኳንንቱና ዳኞቹ በተሰበሰቡበት ሸንጎ መካከል አቆሟት፤ ንጉሡን በመካድና በማሳደም ከሰሷት። እርሷም ለክሳቸው ብዙ አልመለሰችም፤ ራሷን ዝቅ አድርጋ ዝም አለች። ዝምታዋም ከፍርሃት የመጣ እንዳልሆነ ሁሉ ዐወቀ። ንጉሡ ሊያስገድላት ወደደ። ነገር ግን አማካሪዎቹ፥ ከእነርሱም ጋራ የቀድሞ ባሏ መልክአ ክርስቶስ፥ ወገኖቿ ብዙዎችና ኃይለኞች መሆናቸውን፥ እርሷም ብትሞት ወንድሞቿና ዘመዶቿ እንደሚያምፁ አስታወሱት። ሱስንዮስም የመኳንንትን ዐመፅ ጠንቅቆ ያውቅ ስለ ነበረ እጁን ሰበሰበ።

እዚህ ላይ አንድ እውነት ማስተዋል ይገባል። በዳሞት የወደቀው ገበሬ እንደ ወለተ ጴጥሮስ ለሃይማኖቱ ቆሞ ነበር፤ ነገር ግን በሸንጎ የሚከራከርለት ዘመድ አልነበረውም፥ ስሙንም የጻፈለት የለም። እርሷን ከሰይፍ ያዳናት ጽናቷ ብቻ ሳይሆን ዘርዋም ነው። ስለዚህ ስሟ ሲመሰገን፥ ስማቸው ያልተጻፈውም ከእርሷ ጋራ ሊታሰቡ ይገባል።

መግደል ስላልተቻለ ልብዋን ለመለወጥ ለፓትርያርኩ ሰጧት። ሜንዴስና ኢየሱሳውያኑ ብዙ ጊዜ መጽሐፍ እየገለጡ አስተማሯት፥ ተከራከሯትም። በጴጥሮስ መንበር ስም ሊያሳምኗት ደከሙ፤ ስሟ ወለተ ጴጥሮስ፥ ማለት የጴጥሮስ ልጅ፥ የሆነችው ይህች ሴት ግን ከአባቶቿ ትምህርት አልተነቀነቀችም። ምናልባት ያለ ንጉሡ ጦር፥ ያለ አቡነ ስምዖንም ደም መጥተው ቢሆን ኖሮ ቃላቸውን በጸጥታ ትመረምር ነበር። ከኋላው ሰይፍ የቆመለትን ቃል ግን እውነት ቢሆን እንኳ መስማት ይከብዳል።

ከዚህ በኋላ ወደ ዠበይ አሰደዷት። ዠበይ በምዕራብ በኩል ያለ በረሃ፥ ሙቀቱ የበረታ፥ በሽታውም የሚገድል ቆላ ነው። በዚያ 3 ዓመት ኖረች። ጠባቂዋ ጨካኝ ሰው ስለ ነበረ በመጀመሪያ ብዙ አስጨነቃት፤ በኋላ ግን ትዕግሥቷን አይቶ አከበራት። እኅተ ክርስቶስም ወደዚያው ሄዳ ከእርሷ ጋራ ሆነች። ከዚያም ሌሎች ስደተኞች፥ ወንዶችም ሴቶችም፥ ስለ ሃይማኖታቸው ከየቤታቸው የወጡ፥ ዜናዋን ሰምተው ወደ ዠበይ መጡ። መንግሥቱ እርሷን ከሰው ለይቶ በበረሃ ለማስረሳት አስቦ ነበር፤ ነገር ግን እስር ቤቷ የመጀመሪያ ማኅበሯ ሆነ። የሰደዷት ሰዎች በገዛ እጃቸው ገዳም ሠሩላት።

ከዠበይ ከተፈታች በኋላ ተከታዮቿ በዙ። ወደ ጣና አካባቢ ተመልሳም በየስፍራው ማኅበር አቆመች፤ ሁሉም ተቈጥሮ ሰባት ማኅበር ሆነ፥ ከእነርሱም አንዱ በቀድሞ ገዳሟ በዘጌ ነበረ። አንዱ ስፍራ በበሽታ ወይም በወታደር ሲታወክ ሕዝቧን በታንኳ እየጫነች ወደ ሌላው ትሄድ ነበር። በማኅበሯ የመኳንንት ልጆችና ድኆች፥ ወጣቶችና ሽማግሌዎች በአንድ ላይ ነበሩ። እርሷ ቄስ አልነበረችም፥ በቤተ መንግሥትም ሹመት አልነበራትም፤ ሆኖም ቀሳውስትና መኳንንት ቃሏን ይሰሙ ነበር።

ይህችም ሴት ወጣት ሳለች ትእዛዝን እንቢ ያለች ስትሆን፥ በኋላ እርሷ ራሷ በማኅበሯ ላይ ጥብቅ ሥርዓት አኖረች። የወንዶችንና የሴቶችን ማደሪያ ለየች፤ ሁሉም ከአንድ ማዕድ በልቶ የግል ገንዘብ እንዳይኖረው አዘዘች፤ የሚያጠፋውንም በብርቱ ትገሥጽ ነበር። ይህን የሚያነብ ሰው ግፍን የጠላችው ሴት ስለ ምን እንዲህ ጽኑ ገዥ ሆነች ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ልዩነቱ ይህ ነው፤ ወደ ሱስንዮስ ዐዋጅ ሕዝቡ በጦር ተነድቶ ገባ፥ ወደ ወለተ ጴጥሮስ ሥርዓት ግን ሰው በገዛ እግሩ መጣ። ደግሞም ሌሎች እንዲሠሩ ያዘዘችውን ሥራ እርሷ ቀድማ ትሠራ ነበር፤ ድንጋዩን ተሸክማለች፥ እህሉንም ፈጭታለች።

በዚህ መካከል የሱስንዮስ መንግሥት በደም ተዳከመ። በየአውራጃው ዐመፅ ተነሣ፤ አንዱ ሲጠፋ ሌላው ይቀጣጠል ነበር። ከሁሉ የበረታው የላስታ ዐመፅ ነበረ። በ1624 ዓ.ም. በሰኔ ወር ወይና ደጋ በሚባል ስፍራ ንጉሡ የላስታን ጦር ድል አደረገ፤ 8 ሺህ ያህል ሰው እንደ ሞተ ይነገራል። ልጁ ፋሲለደስም የሞቱትን አሳይቶ እነዚህ ሁሉ የንጉሡ ሕዝብ፥ ክርስቲያኖችም መሆናቸውን፥ እንዲህ ያለውም ድል ከሽንፈት እንደሚከፋ እንዳስታወሰው ይነገራል። ሱስንዮስም ታመመ፥ ልቡም ተሰበረ። በዚያው ወር ሕዝቡ ወደ አባቶቹ ሃይማኖት እንዲመለስ ዐዋጅ ነገረ፤ መንግሥቱንም ለልጁ አስረከበ። በመስከረም 1625 ዓ.ም. ሞተ። እርሱ ግን የያዘውን እምነት ሳይለውጥ እንደ ሞተ ይጻፋል፤ በዚህስ እርሱም የልቡን አልካደም።

በዚያን ጊዜ በጣና ዳርቻ ደስታ ሆነ። ስደተኞች ወደ ገዳማቸው ተመለሱ፥ ደወልም ተደወለ። ወለተ ጴጥሮስ ለ15 ዓመት ያህል ስትታገልለት የነበረው ነገር ያለ ጦር ተፈጸመላት። ዐፄ ፋሲለደስም አከበራት።

ነገር ግን ከታሪኩ ያማረውን ብቻ መርጦ መናገር አንባቢን ማታለል ነው። ትናንት የተሰደዱት ዛሬ ባለ ሥልጣን በሆኑ ጊዜ በተራቸው ሌላውን አሳደዱ። ኢየሱሳውያን ከአገር ተባረሩ፤ ሜንዴስም በ1626 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ወጣ። ዳሞትን በጦር የቀጣው ራስ ሥዕለ ክርስቶስ እምነቱን ለመለወጥ እንቢ ብሎ ሹመቱንና ሀብቱን አጣ፥ ተጋዘ፥ በመጨረሻም ተገደለ። በ1630 ዓ.ም. ሁለት የካፑቺን ማኅበር መነኮሳት በጎንደር ተሰቀሉ። ግፍ ባለቤቱን ቢለውጥ ስሙን አይለውጥም። ሥዕለ ክርስቶስ በሥልጣኑ ቀን ስለ ሕሊና ነጻነት አላሰበም፤ በውርደቱ ቀን ግን እርሱ ራሱ ፈለጋት፥ አላገኛትምም።

ወለተ ጴጥሮስ ከዚህ በኋላ 10 ዓመት ያህል ማኅበሯን እየመራች ኖረች። በስተ መጨረሻ በአፈር ፈረስ ሳለች በጽኑ ታመመች። ተከታዮቿን ሰብስባ ከመከረቻቸው በኋላ፥ ልብ ለልብ የተሳሰሯትን ጓደኛዋን እኅተ ክርስቶስን በስፍራዋ ትታ ኅዳር 17 ቀን 1635 ዓ.ም. በ50 ዓመቷ ዐረፈች። ከመነኰሰችም 26ኛ ዓመቷ ነበረ። በሬማ ደሴትም ተቀበረች። እኅተ ክርስቶስ ማኅበሩን ለጥቂት ዓመታት መርታ እርሷም ተከተለቻት። ወለተ ጴጥሮስ ካረፈች ከ30 ዓመት በኋላ ገላውዴዎስ የሚባል መነኵሴ፥ ያዩዋትንና የሚያውቋትን ጠይቆ፥ ገድሏን በግእዝ ጻፈ። ቤተ ክርስቲያንም ከቅዱሳን ቈጠረቻት። በጣና ምሥራቅ ዳርቻ ያለችው ቋራጣም በስሟ የምትታወቅ፥ የተበደለና የሚሳደድ ሰው የሚጠጋባት ከተማ ሆነች። እርሷ ስትሳደድ መጠጊያ ያጣች ሴት ከሞተች በኋላ ለሌላው መጠጊያ ሆነች።

ይህን ታሪክ የሚያነብ ወጣት ሦስት ነገር ያስተውል። መጀመሪያ፥ ክፉ ዘመን የሰውን ጠባይ ይሠራል፤ ነገር ግን ሁሉን አንድ ዓይነት አድርጎ አይሠራም። መልክአ ክርስቶስና ወለተ ጴጥሮስ በአንድ ዘመን ኖሩ፥ በአንድ ቤትም ተቀመጡ፤ ያ ዘመን እርሱን ለኃይለኛ መታዘዝን አስተማረው፥ እርሷን ግን የሚያልፈውንና የማያልፈውን መለየት አስተማራት። ስለዚህ ማንም ሰው ለሠራው ክፉ ሥራ ዘመኑን ብቻ ምክንያት ሊያደርግ አይችልም።

ሁለተኛ፥ እንቢ ማለት ሁሉ መልካም አይደለም። ለሆዱና ለክብሩ የሚያምፅ ብዙ ነው፤ እንዲህ ያለው ያሸነፈ እንደ ሆነ የጠላውን ሰው ሥራ ይሠራል። እንቢታ የሚመረመረው ማን ዋጋውን ይከፍላል በማለት ነው። በሮቢት ድኆች ሲዘረፉ ወለተ ጴጥሮስ ዋጋውን በእነርሱ ላይ አልጣለችም፤ ራሷ ከፈለች። ከዚያም ቀን ወዲህ የሚከተላት ሰው ወዴት እንደምትመራው ሊያምናት ቻለ።

ሦስተኛ፥ የሰው ሕሊና በዐዋጅ አይታረስም። ንጉሥ እርሻን፥ ግብርን፥ ጦርን ሊያዝዝ ይችላል፤ ሰው በልቡ የሚያምነውን ግን ሊያዝዝ አይችልም። ቢያስገድደውም የሚያገኘው ወይ ግብዝ ነው፥ ወይ ዐመፀኛ ነው። ሱስንዮስ ሁለቱንም አገኘ። ሃይማኖቱን የሚወድ ሰው እንግዲህ በትምህርትና በመልካም ሥራ ይግለጠው፤ ሰይፍ ቢያነሣለት ያዋርደዋል፥ ሰይፉም አንድ ቀን በሌላ እጅ ገብቶ ወደ ራሱ ይመለሳል።

ከግሽ ዓባይ የሚፈልቀው ውሃ ያን ጊዜ እንደ ነበረው ዛሬም ወደ ጣና ይወርዳል። ፓኤዝ ቆሞ ያየው፥ የዳሞት ገበሬ የጠጣው፥ ወለተ ጴጥሮስም በእንስራዋ ከባሕሩ የቀዳችው ይኸው ውሃ ነበረ። ጠጪውን ስለ ሃይማኖቱ አይጠይቅም። በቡሬና በፍኖተ ሰላም መንገድ የሚሄድ ልጅ የከተማይቱን ስም በሚጠራበት ጊዜ ይህን ያስብ። የሰላም መንገድ የሚባለው ሰዎች ሁሉ አንድ ነገር እንዲያስቡ የተገደዱበት መንገድ አይደለም፤ ልዩ ልዩ ነገር እያሰቡ ሳይገዳደሉ አብረው የሚሄዱበት ነው እንጂ።